ፍራፍሬዎ በፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ምክንያት ሲያዝ፦ የነጋዴ መመሪያ

ተቆጣጣሪዎች መጋዘን ገብተው «ይህ ጭነት ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ» ሲሉ የነጋዴው ልብ በቅድሚያ የሚሮጠው ወደ ገንዘቡ ነው። ፍራፍሬ እንደ ሲሚንቶ ተቆልሎ ውሳኔ አይጠብቅም፤ ባደረ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ይሸታል። ይህን ጭንቀት አውቀዋለሁ። በፍራፍሬ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ጊዜ ሙሉ የማቀዝቀዣ ክፍላችን ታሽጎ ነበር። ስለታሸገው ፍራፍሬ ስንከራከር፣ ስልክ ስንደውል፣ አማላጅ ስንፈልግ ዋልን። ማምሻውን ከተቆጣጣሪዎቹ አንዷ የጠየቀችን ጥያቄ ግን አፋችንን አስያዘን፦ «ከዚሁ ጭነት ትናንት የሸጣችሁት አሁን የት ነው ያለው?» ሙሉውን መልስ ለመስጠት ሁለት ቀን ፈጀብን። በሁለት ቀን ውስጥ ደግሞ ፍራፍሬ ይበላል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ያንን ጥያቄ ይዤ ነው። በማኅተም የተዘጋ ፍራፍሬ ማንንም አይመርዝም፤ አሳሳቢው ማኅተሙ ከመድረሱ በፊት የወጣው ነው። የሕጉ ዝርዝር፣ የይግባኙ ቀነ ገደብና የቅጣቱ መጠን ከአገር አገር ይለያያል። የነገሩ አካሄድ ግን በየትኛውም መጋዘን ተመሳሳይ ነው፤ እኔም በዚያው ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

አንደኛ፦ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የሚደረግ

መታወቂያ ይጠይቁ፤ ትእዛዙንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ይህን መጠየቅ መብት ነው፣ በትሕትና ከተጠየቀም የሚቆጣ ተቆጣጣሪ የለም። በወረቀቱ ላይ የፍራፍሬው ዓይነት፣ የባች ቁጥሩ (አብሮ የመጣውን ጭነት ከሌላው የሚለየው ቁጥር)፣ የካርቶኑ ብዛትና ክብደቱ፣ የተጠረጠረው ኬሚካል፣ የተጠቀሰው ሕግ፣ ቀኑና ሰዓቱ መኖራቸውን ይመልከቱ። «በመጋዘኑ ያለው ፍራፍሬ በሙሉ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ጥርጣሬው የቱን ባች እንደሚመለከት ለይተው እንዲጽፉ ይጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ ጥርጣሬው በእርግጥ ሁሉንም ይመለከታል፤ ከአንድ አቅራቢ የመጣ ጭነት ሁሉ ከሆነ ማለት ነው። ካልሆነ ግን ንጹሑን ከተጠረጠረው የሚለየው ያ አንድ መስመር ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ እሰማለሁ፤ ሦስቱም ይለያያሉ። እግድ ማለት ውጤት እስኪመጣ ዕቃው ባለበት ይቆይ ማለት ነው፤ ባለቤትነቱ አሁንም የእርስዎ ነው። መያዝ ማለት መንግሥት ዕቃውን በእጁ ወይም በማኅተሙ ሥር አደረገው ማለት ነው። ሦስተኛው እንዲወገድ የሚሰጠው ውሳኔ ሲሆን ይህ አብዛኛውን ጊዜ የላቦራቶሪ ውጤትን ተከትሎ ይመጣል። በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳሉ ካላወቁ ምን መከራከር እንደሚችሉም አያውቁም።

ከዚያ አብራችሁ ቁጠሩ። የተቆጣጣሪው ቁጥርና የእርስዎ ቁጥር በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፣ የካርቶኖቹን ምልክትና ማኅተሙን ፎቶግራፍ ያንሱ፣ ይፈርሙ። ያልተስማሙበት ነገር ካለ ለመፈረም እምቢ አይበሉ፤ ልዩነትዎን በጽሑፍ አስፍረው ይፈርሙ። እምቢታ በመዝገብ ላይ የሚቀረው እንደ እንቢተኝነት ነው፣ የተጻፈ ልዩነት ግን በኋላ ማስረጃ ይሆናል። የማቀዝቀዣው ሞተር ሥራውን እንዲቀጥልና የሙቀት መጠኑ በየቀኑ እንዲመዘገብ ማስፈቀድንም አይርሱ። ፍራፍሬው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ የሚሸጥ ነገር የሚተርፍዎት በዚህ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ አይጠቡት፣ አይምረጡት፣ ከካርቶን ወደ ካርቶን አያዛውሩት። ሠራተኞችዎ ሁሉ ይህን በአንድ ቃል ይስሙ። በቅን ልቦና «ቆሻሻውን ላንሳለት» ብሎ ውኃ ያፈሰሰ ሠራተኛ ማስረጃ እንዳጠፋ ተቆጥሮ ሊከሰስ ይችላል።

ሁለተኛ፦ የወጣውን ማሳደድ

ይህ ሥራ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠብቅም። እግዱ በተነገረዎት ሰዓት ይጀምሩ።

እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ የሆነውን ላንሳ። ሀብሐብ የበሉ ሰዎች በሰዓታት ውስጥ ማስመለስ፣ ማላብና መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ምክንያቱ አልዲካርብ የተባለ ነፍሳት ገዳይ ኬሚካል ነበር፤ በሀብሐብ ላይ ፈጽሞ ያልተፈቀደና እጅግ መርዛማ ከሆኑት አንዱ ነው። ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመሙ። ባለሥልጣናቱ ሐምሌ 4 ቀን፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕለት፣ በግዛቲቱ የሀብሐብ ሽያጭ እንዲቆም አዘዙ። በገበያ ሰንሰለት ውስጥ የነበረው ሀብሐብ ሁሉ እንዲወገድም ተደረገ። የተመረዙት ጥቂት ማሳዎች ነበሩ። ነገር ግን በመደብር ላይ የተደረደረ ሀብሐብ የየትኛው ማሳ እንደሆነ የሚናገር ምልክት ስላልነበረው የንጹሑም አምራች ድካም አብሮ ተቀበረ። ሽያጩ የተመለሰው ማሳዎቹ እየተመረመሩ፣ ምርመራውን ያለፈው ሀብሐብ ምልክት እየተለጠፈበት ነው። ያ ምልክት ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ስንት ሰው፣ ስንት ምርትም ይተርፍ ነበር!

እንግዲህ ወረቀትዎን ያውጡ። የሚፈልጉት አንድ እርምጃ ወደ ኋላና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ነው፦ ይህን ባች ማን አስገባልኝ፣ እኔስ ለማን ለማን ሸጥኩት? ከዚያ ሒሳቡን ያስታርቁ። የገባው ብዛት ከታሸገው፣ ከተሸጠውና ተበላሽቶ ከተጣለው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። 400 ካርቶን ገብቶ 250 ከታሸገ፣ 120 ከተሸጠና 10 ከተጣለ፣ 20 ካርቶን ጠፍቷል ማለት ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ «ትንሽ ነው» ብሎ ያልፋል። አይለፉ። ሃያው ካርቶን በዱቤ ለጎረቤት ነጋዴ የተሰጠ፣ በሠራተኛ ቤት የገባ፣ ወይም ለጭማቂ ቤት የተላከ ሊሆን ይችላል፤ ያልተመዘገበ ሽያጭ ደግሞ ያልተነገረው ገዢ ማለት ነው።

ገዢዎችን በስልክ በድምፅ ያነጋግሩ። የጽሑፍ መልእክት በኋላ ለማስረጃ ይላኩ እንጂ በእርሱ ብቻ አይተማመኑ፤ ሳይነበብ ያድራል። ሲደውሉ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ማክሰኞ ዕለት የላክሁልዎት፣ ባች ቁጥሩ ይህ የሆነው ፍራፍሬ በፀረ ተባይ ቅሪት ተጠርጥሮ ታግዷል። እባክዎ አሁኑኑ ከመሸጫው ያንሱት፣ ለብቻው ያስቀምጡት፣ አይጣሉት፣ አያጥቡት። ስንት ካርቶን ቀረዎት? የቀረውስ ለማን ተሸጠ?» የመለሰልዎትን ሰው ስም፣ ሰዓቱንና የነገረዎትን ቁጥር ይጻፉ። ያልተገኘ ገዢ ካለ ሰው ይላኩ።

«ውጤቱ ንጹሕ ቢሆንስ? በከንቱ ስሜን አጠፋሁ» የሚል ነጋዴ አለ። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ በከንቱ የተደወለ ስልክ ይቅርታ ተጠይቆበት ይረሳል። ያልተደወለው ስልክ ግን ልጅ ሆስፒታል ካደረሰ የሚጠገን ነገር የለም። ደንበኞችም ቀድሞ የደወለላቸውን ነጋዴ ያስታውሳሉ፤ በእኛ ላይ የደረሰው የተገላቢጦሹ ነበር፣ ዜናውን ከእኛ በፊት ከሌላ ሰምተው ብዙዎቹ አልተመለሱም።

ሦስተኛ፦ ናሙና ሲወሰድ አጠገቡ ይቁሙ

የላቦራቶሪ ማሽን የሚናገረው የተሰጠውን ያህል ነው። ናሙናው ጭነቱን ካልወከለ ውጤቱ በሁለቱም በኩል ያሳስታል፤ ንጹሑን ይኮንናል ወይም መርዙን ያሳልፋል።

የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የናሙና አወሳሰድ መመሪያ ለብዙ አገሮች አሠራር መሠረት ነው። በእርሱ መሠረት ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ጭነት ቢያንስ ከ3 ቦታ፣ ከ50 እስከ 500 ኪሎ ከሆነ ከ5 ቦታ፣ ከ500 ኪሎ በላይ ከሆነ ከ10 ቦታ ይነሣል። ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው ደግሞ በፍሬው መጠን ይወሰናል። የአንዱ ክብደት ከ25 ግራም በታች ለሆነ እንደ እንጆሪ ላለ ፍሬ 1 ኪሎ ይበቃል። ከ25 እስከ 250 ግራም ለሚመዝን እንደ ብርቱካንና ፖም ላለ 1 ኪሎ ሆኖ ቢያንስ 10 ፍሬ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ለሆነ ትልቅ ፍሬ 2 ኪሎ፣ ቢያንስ 5 ፍሬ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከበሩ አጠገብ ካለው አንድ ካርቶን ሦስት ብርቱካን አንሥቶ የሚሄድ ሰው ናሙና ወሰደ አይባልም። በአክብሮት ያስታውሱት፣ ሁኔታውንም በቃለ ጉባኤው ላይ ያስመዝግቡ። በእርስዎም በኩል ቆንጆ ቆንጆውን ከፊት መደርደር አይገባም። የመርዝ ቅሪት በመልክ አይታወቅም፤ እንዲያውም ነፍሳት ያልደፈሩት አንጸባራቂ ፍሬ ብዙ የተረጨ ሊሆን ይችላል።

በብዙ አገሮች አሠራር ናሙናው ተከፋፍሎ ይታሸጋል፤ አንዱ ለምርመራ፣ አንዱ ለባለንብረቱ፣ አንዱ ክርክር ቢነሣ ለዳኝነት የሚቀመጥ ነው። የእርስዎን ድርሻ ይጠይቁ። ሲሰጥዎት ማኅተሙን ሳይከፍቱ ወዲያውኑ ወደ በረዶ ማቀዝቀዣ ያስገቡት፤ አንዳንድ ኬሚካሎች በሙቀት በቀናት ውስጥ ስለሚፈራርሱ በጠረጴዛ ላይ የሰነበተ ናሙና ምስክርነቱን ያጣል። በታሸገው ከረጢት ላይ ያለው ቁጥር በቃለ ጉባኤው ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዐይንዎ ያረጋግጡ። በቁጥር ስሕተት የወደቀ ክርክር ብዙ ነው።

አራተኛ፦ የውጤቱን ወረቀት ማንበብ

ወረቀቱ ሲመጣ አብዛኛው ሰው የሚያየው «አልፏል» ወይም «አላለፈም» የሚለውን ብቻ ነው። ቁጥሮቹን ያንብቡ።

መለኪያው ሚሊግራም በኪሎግራም ነው። 1 ሚሊግራም በኪሎግራም ማለት በአንድ ቶን ፍራፍሬ ውስጥ 1 ግራም ኬሚካል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ወሰን ላልተቀመጠለት ኬሚካል የሚጠቀምበት 0.01 ሚሊግራም በኪሎግራም ደግሞ በ100 ቶን ውስጥ 1 ግራም ይሆናል። ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር የሚያይ መሣሪያ አለ፤ በአንድ ምርመራም በመቶዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎችን ይፈልጋል።

በወረቀቱ ላይ «ከፍተኛ የቅሪት ወሰን» የሚለውን ቁጥር ያገኛሉ። ሰዎች ይህን የመርዝ መስመር ያደርጉታል፤ ከላዩ ሞት፣ ከሥሩ ሕይወት ያለ ይመስላቸዋል። እንዲያ አይደለም። ወሰኑ የሚወጣው አርሶ አደሩ ኬሚካሉን በትክክለኛው መጠንና ጊዜ ቢጠቀም በፍሬው ላይ ሊቀር የሚችለውን በመለካት ነው፤ ከዚያ ያ መጠን ለተመጋቢው አስተማማኝ መሆኑ ይመረመራል። ስለዚህ ከወሰኑ ማለፍ በቅድሚያ የሚናገረው ማሳው ላይ ሕግ መጣሱን ነው። ጉዳቱን ለማወቅ ሌላ ቁጥር አለ፤ ሰው በአንድ ቀን ወይም በአንድ ገበታ ቢወስደው ሊጎዳው የማይችል መጠን ለየኬሚካሉ በሰውነት ክብደት ልክ ተወስኗል። ልጅ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ በዚህ ስሌት የሚጨነቁለት በቅድሚያ ለእርሱ ነው።

ስለዚህ ለተቆጣጣሪው እነዚህን ያቅርቡ፦ ኬሚካሉ በዚህ ፍራፍሬ ላይ ፈጽሞ የተከለከለ ነው ወይስ የተፈቀደ ሆኖ መጠኑ ያለፈ? ስንት እጥፍ አለፈ? በአንድ ገበታ የሚፈጥረው አደጋ ተሰልቷል ወይ? የመጨረሻው መልስ «አዎ፣ አደጋ አለው» ከሆነ ክርክርዎን ወደ ጎን ትተው ወደ ሁለተኛው ክፍል ይመለሱና ስልኮቹን እንደገና ይደውሉ።

መከራከሪያ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ማንኛውም ልኬት የስሕተት ክልል አለው። በአውሮፓ ኅብረት አሠራር ከተገኘው ቁጥር ላይ 50 በመቶ ተቀንሶ ቀሪው ከወሰኑ ሲበልጥ ነው ጥፋት የሚባለው። ወሰኑ 0.01 ሆኖ ውጤቱ 0.018 ቢሆን፣ ግማሹ 0.009 ስለሆነ አያስቀጣም፤ ውጤቱ 0.03 ቢሆን ግን ግማሹ 0.015 ሆኖ ከወሰኑ ስለሚበልጥ ያስቀጣል። የእርስዎ አገር ሕግ ይህን እንዴት እንደሚመለከተው ይጠይቁ። ላቦራቶሪው የላቦራቶሪዎችን ብቃት በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በአይኤስኦ 17025፣ ዕውቅና ያለው መሆኑን፣ ዕውቅናውም ለዚያ ዓይነት ምርመራ መሆኑን ይመልከቱ። የተመረመረው የፍሬው ክፍልም ትልቅ ነገር ነው፦ በዓለም አቀፉ አሠራር ሙዝና ብርቱካን የሚፈጩት ከነልጣጫቸው ነው። «ልጣጩን ማን ይበላል?» ብሎ መሟገት ስለዚህ አያዋጣም፤ ወሰኑም የወጣው ከነልጣጩ ተለክቶ ነው።

እኔ የምመክረው፣ ቁጥሩ ከወሰኑ ጥቂት ያለፈ ከሆነ ወይም የናሙናው አወሳሰድ ከተበላሸ ሁለተኛውን ናሙና ያስመርምሩ። ቁጥሩ አሥር እጥፍ ከሆነ ወይም ኬሚካሉ ጭራሽ የተከለከለ ከሆነ ግን ገንዘብዎንና ጊዜዎን ወደ ማስወገዱና ወደ አቅራቢዎ ተጠያቂነት ያዙሩት። የይግባኝ ቀን አጭር ነው፤ ውጤቱ በደረሰዎት ዕለት ቀነ ገደቡን ይጠይቁ።

አምስተኛ፦ ሦስት ፈተናዎች

በዚህ ጊዜ ሦስት ሐሳቦች ወደ ነጋዴው ጆሮ ይመጣሉ፤ ሁሉም መጥፎ ናቸው።

አንደኛው «አጥበን እንሽጠው» የሚለው ነው። ማጠብ የሚያነሣው ከላይ የተቀመጠውን ነው። አልዲካርብን የመሰሉ ኬሚካሎች በሥር ገብተው በተክሉ ውስጥ ስለሚዘዋወሩ ቅሪታቸው ያለው በፍሬው ሥጋ ውስጥ ነው። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ፖሞችን በሶዲየም ባይካርቦኔት (ቤኪንግ ሶዳ) ውኃ ለ12 እና ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፎ በልጣጩ ላይ የነበሩትን ታያቤንዳዞልና ፎስሜት የተባሉ ኬሚካሎች አብዛኛውን አስለቅቋል። ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባውን ግን ማውጣት አልቻለም። ይህ ለቤት እመቤት ጥሩ ልማድ ነው፣ ለተኮነነ ጭነት ግን መፍትሔ አይሆንም።

ሁለተኛው «ከንጹሑ ጋር ደባልቀን ቁጥሩን እናውርደው» ይላል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ የትም ቢሆን ነውር ነው። ፍሬዎች እንደ ዱቄት አይደባለቁም። መርዙ ያለበት ፍሬ መርዙን እንደያዘ በአንድ ልጅ እጅ ይገባል።

ሦስተኛው «ጭማቂ ወይም ማርማላታ እናድርገው» የሚለው ነው። ያለ ተቆጣጣሪው የጽሑፍ ፈቃድ አይሞከርም።

ስድስተኛ፦ ማስወገድ

እንዲወገድ ከተወሰነ በኋላ ማዘግየት ሌባ መጥራት ነው። የሚጣል ምግብ ባለበት ሁሉ የሚያነሣው አይጠፋም፤ የተራበ ሰው ደግሞ የላቦራቶሪ ወረቀት አያነብም። ስለዚህ ፍራፍሬው ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ወይም ማስወገጃው ቦታ እንደደረሰ ይጨፍለቅ፣ ለምግብ እንዳይሆንም ቀለም ይረጭበት። ተቆጣጣሪ ባለበት ይመዘን። የሚቀበርበት ቦታ ከወንዝ፣ ከጉድጓድ ውኃና ከግጦሽ የራቀ፣ ባለሥልጣኑ የፈቀደው ይሁን። ሠራተኞች ጓንት ያድርጉ፤ ካርቶኖቹም አብረው ይጥፉ፣ ለሌላ ዕቃ አይዋሉ።

ለከብት አይስጡት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው በቅንነት የሚያደርገው ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በሃዋይ የኦዋሁ ደሴት ወተት ሄፕታክሎር የተባለ ነፍሳት ገዳይ ኬሚካል ተገኝቶበት ከገበያ ተሰበሰበ። ላሞቹ የበሉት ፍሬውን እንኳ አልነበረም፤ በሄፕታክሎር የታከመ የአናናስ ተክል ቅጠል ተከትፎ ተሰጥቷቸው ነበር። እንዲህ ያለው ኬሚካል በስብ ውስጥ ይከማቻል፣ በወተትም ይወጣል። ከማሳ ያመለጠው መርዝ በላሟ በኩል ዞሮ በሕፃን ብርጭቆ ደረሰ።

ሲጨርሱ የማስወገጃ የምስክር ወረቀት ይቀበሉ፤ በላዩ ያለው ክብደት በመጀመሪያው ቀን ከተቆጠረው ጋር ይመሳከር። ፍራፍሬ በቆይታ ክብደቱን ስለሚያጣ ትንሽ ልዩነት ይጠበቃል፤ ስለዚህ በካርቶን ብዛትም ያስመዝግቡ። ከአቅራቢዎ ካሣ የሚጠይቁት በዚህ ወረቀት ነው።

ሰው በልቶት ከሆነ

ገዢዎችዎን ስታነጋግሩ «የታመመ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ነፍሳት ገዳይ ኬሚካሎች ነርቭን ይይዛሉ፦ ላብ፣ የምራቅ መዝረብረብ፣ እንባ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የዐይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መርገፍገፍ፣ የመተንፈስ ችግር ያስከትላሉ። በከባዱ መመረዝ ይህ የሚመጣው በደቂቃዎችና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። በሽተኛውን ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ያድርሱ። እንዲያስመልስ አያስገድዱት፣ በወተትም ሆነ በሌላ መድኃኒት አይሞክሩ። የቀረውን ፍሬ በላስቲክ አሽገው ከነባች ቁጥሩ ለሐኪሙ ይስጡት፤ ኬሚካሉ ከታወቀ የሚረዳው መድኃኒት አለ፣ የሚባክነውም ጊዜ ይቀንሳል። ጉዳዩን ለተቆጣጣሪው በዚያው ቀን ያሳውቁ።

ሰባተኛ፦ ወደ ማሳው መመለስ

የሚቀጥለው ጭነት እንደማይያዝ የሚያረጋግጠው ከአምራቹ ጋር የሚደረግ ውይይት ነው። ለክስ ሳይሆን ለማወቅ ይቀመጡ፤ የርጭት መዝገቡን አብራችሁ ክፈቱ። ምን ተረጨ፣ መቼ፣ በምን ያህል መጠን፣ ከዚያ ስንት ቀን ቆይቶ ተለቀመ? በየኬሚካሉ ምልክት ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ መጠበቅ ያለበት ቀን ተጽፏል፤ ገበያ ሲወደድ መጀመሪያ የሚጣሰው እርሱ ነው። ከዚያ የማይታዩትን ይጠይቁ፦ መርጫው ቀድሞ ለሌላ ሰብል ውሎ ሳይታጠብ ቀርቶ ይሆን? ጎረቤት ማሳ ሲረጭ ነፋስ አምጥቶት ይሆን? ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በምልክቱ ላይ የተጻፈው ነው? ከለቀማ በኋላ እንዳይሻግት የተነከረበት ፈሳሽስ?

የጊዜው ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳየው ክራንቤሪ የተባለው ትንሽ ቀይ ጎምዛዛ ፍሬ ታሪክ ነው። አሚኖትራያዞል የተባለው አረም ማጥፊያ በአሜሪካ የክራንቤሪ ማሳዎች የተፈቀደው ምርቱ ከተለቀመ በኋላ ለሚደረግ ርጭት ነበር። አንዳንዶች ቀድመው ረጩት። ኅዳር 9 ቀን 1959 እ.ኤ.አ.፣ የምስጋና በዓል ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት፣ የጤና ጉዳይ ሚኒስትሩ አርተር ፍሌሚንግ ከዋሽንግተንና ከኦሪገን ግዛቶች የመጣ የተበከለ ክራንቤሪ መገኘቱን አሳወቁ። የያዘችው ፍሬ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያልቻለች የቤት እመቤት ምን ታድርግ ሲባሉ፣ ለጥንቃቄ አለመግዛት ነው አሉ። የማንም ይሁን የማን፣ ምንጩ ያልታወቀው ሁሉ በመደርደሪያ ላይ ቀረ።

ስምንተኛ፦ መዝገቡን ዛሬ መፈተሽ

ኮምፒውተር ካለዎት መልካም፣ ከሌለዎት የተሰመረ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ባች የገባበትን ቀን፣ አምራቹን ወይም አቅራቢውን፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የካርቶኑን ብዛት፣ የተቀመጠበትን ክፍል ይጻፉ፤ በፊት ለፊቱ ገጽ የገዢውን ስም፣ ስልክ፣ ቀኑንና ብዛቱን። ካርቶን ከካርቶን ገልብጠው ሲሸጡ የባች ምልክቱን አብረው ያስተላልፉ፤ ገመዱ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው። በዱቤ የወጣውም፣ ሠራተኛ የወሰደውም፣ ለበጎ አድራጎት የተሰጠውም ይጻፍ።

ከዚያ ማንም ሳይይዝዎት ራስዎን ይፈትኑ። ነገ ጠዋት ወደ መጋዘኑ ይግቡና ዐይንዎ ካረፈበት ካርቶን አንዱን ያንሡ፣ ሰዓትዎን ይመልከቱ፣ ለመዝገብ ሠራተኛዎ ስጡና «ከዚህ ጭነት እስካሁን የወጣው አሁን የት ነው ያለው?» ብለው ይጠይቁ። የገዢዎቹ ስምና ስልክ ተሟልቶ፣ ብዛቱም ተደምሮ ልክ መጥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠረጴዛዎ ላይ ካልቀረበ፣ የጎደለችውን መስመር ፈልገው በዚያው ቀን ወደ ደብተሩ ያስገቧት፤ በሚቀጥለው ወር በሌላ ካርቶን ይድገሙት።